ለሬቮ ፒክአፕ ጎማና ባሌስትራ ልቀይር ነው፣ ከየቱ ልጀምር?

ፓምፕ_ጥገና፣ አርባ ምንጭ

ሰላም ለሁላችሁም። ቶዮታ ሃይሉክስ ሬቮ ደብል ጋቢና አለኝ፣ ፎር ዊል፣ የ2018 ሞዴል፣ 2.4 ናፍጣ። ሥራዬ የገጠር ውሃ ፓምፕ ጥገና ስለሆነ መኪናዋ ከአስፋልት ይልቅ ፒስታ ላይ ነው የምትውለው። ከኮንሶ ወደ ወይጦ፣ ከዚያ ወደ ቱርሚና ኦሞራቴ ዙሪያ፣ አንዳንዴም ወደ ቦረና እንወርዳለን። ከዋናው መንገድ ስትገነጠሉ ያለው ኮረኮንች፣ የደረቀ ወንዝ አሸዋና የግራር እሾህ ነው። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጭቃው አለ።

ካሶኒዋ ላይ መቼም የማይወርድ ዕቃ አለ። ጄኔሬተር፣ ሁለት ትልልቅ የመሣሪያ ሳጥን፣ ቧንቧ የምናወጣበት ባለሦስት እግር ብረትና ሰንሰለት፣ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ። እንደየሥራው ቧንቧና ፓምፕ ይጨመርበታል። ሰው ሦስት ነን።

ችግሩ ይሄ ነው። የኋላዋ ቁጭ ብሏል። ማታ ስነዳ አጭር መብራት አድርጌም ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም ያበራብኛል፣ አፍንጫዋ ሽቅብ ስለሆነ። የኋላ ግራ ሾክ ዘይት እያወጣ ነው፣ አቧራ ተለጥፎበት ጥቁር ጭቃ ሠርቷል። ጎማው 265/65/17 ነው፣ ከፋብሪካ የመጣችበት ልክ። ጥርሱ ገና ነው፣ ጎኑ ግን በድንጋይ ተቦጫጭቋል፣ አንዱ ላይ እንዲያውም የውስጡ ክር መታየት ጀምሯል።

አንድ ዕቃ መሸጫ ስጠይቅ «3 ኢንች ከፍ አድርጋት፣ 285/70/17 የጭቃ ጎማ ግጠም፣ ሁሉም ነገር ያልቅልሃል» አሉኝ። የማውቀው መካኒክ ደግሞ ምንም አታውጣ፣ ባሌስትራው ላይ አንድ ብረት ጨምርና ንዳ አለኝ። የሁለቱ ዋጋ አይገናኝም። ሁሉንም ባንዴ ለመቀየር አቅሙ የለኝም። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም ከታገደ ወዲህ ደግሞ ያለኝን መኪና ጠብቄ ማቆየት ነው ያለብኝ። ጎማ ይቅደም ወይስ ሾክና ባሌስትራ? ልኩስ ምን ይሁን? የምታውቁ ንገሩኝ።

የቆየ_መካኒክ፣ አዲስ አበባ

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ምክር ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ መኪናህን አስመዝናት። እህል ወይም ቡና የጫነ መኪና የሚመዘንበት ሚዛን አታጣም። እንደ ሥራ ቀን ሙሉ ዕቃ ጭነህ፣ ነዳጅ ሞልተህ፣ ሦስታችሁም ተቀምጣችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የፊት ጎማዋን ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጣ፣ ቀጥሎ ሙሉዋን፣ በመጨረሻ የኋላዋን ብቻ። የመጣውን ቁጥር የመኪናዋ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ክብደት ጋር አስተያየው። ከዚያ መቼም የማይወርደው ዕቃ ስንት ኪሎ እንደሆነ ለብቻው ያዝ። ይህን ሳይጠይቅህ ባሌስትራ የሚሸጥልህ ሰው እየገመተ ነው።

ባሌስትራ የሚመረጠው ሁልጊዜ ላዩ ላይ በሚኖረው ክብደት ነው። ኦልድ ማን ኢሙ፣ አይረንማን፣ ታፍ ዶግ የሚባሉት የአውስትራሊያ ዕቃዎች በዚሁ ተከፋፍለው ነው የሚመጡት። ባዶውን ለሚሄድ አለ፣ ሁሌ 300 ኪሎ ገደማ ለሚጭን አለ፣ ሁሌ 500 ኪሎ ገደማ ለሚጭን አለ። አልፎ አልፎ ለምትጭነው ብለህ የ500ውን ከገዛህ በቀሪው ጊዜ ኋላዋ እየዘለለ ያስቸግርሃል። ኮረኮንች ላይ ጎማው መሬት መያዝ ያቅተዋል፣ ኩርባ ላይ ደግሞ ኋላዋ ይንሸራተታል። ይሄ አደጋ ነው፣ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አንድ ብረት መጨመር ርካሽ ነው፣ መኪናዋንም ያነሳታል፣ እሱ እውነት ነው። ግን የቀድሞዎቹ ብረቶች ደክመዋል፣ ስለዚህ አዲሱ ሸክሙን ብቻውን ይይዘዋል። ወይ እሱ ይሰበራል፣ ወይ የመሃል ቡሎኑ ይቆረጣል። ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይሁን እሺ። ጋራዥ በሌለበት ለሚሠራ ሰው ግን አልመክርም። ሙሉውን ባሌስትራ ከነቡሹና አክሰሉ ላይ ከሚያስረው ዩ ቦልት ጋር ቀይር። ዩ ቦልት አንዴ ከተጠበቀ ይሳባል፣ አሮጌውን መልሰህ አትሰር። ደግሞ ከሬቮ በፊት የነበረው ሃይሉክስ፣ የቪጎ ባሌስትራና የሬቮ ባሌስትራ አንድ ነው ቢሉህ እንዳትቀበል፣ የሬቮው ይረዝማል።

አሁን ወደ ሾክ። ብዙ ሰው ሾክ መኪና ከፍ የሚያደርግ ይመስለዋል። ሸክሙን የሚይዘው ከፊት ሞላው፣ ከኋላ ባሌስትራው ነው። የሾክ ሥራ መወዛወዙን ማቆም ነው፣ ይህንንም የሚያደርገው እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት እየቀየረ ነው። መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ሲሸበሸብ ሾኩ ያለማቋረጥ ስለሚሠራ ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ አረፋ ይሠራል። ያኔ መኪናዋ መንሳፈፍ ትጀምራለች። ሾፌሩ መንገዱ የባሰ ይመስለዋል እንጂ ሾኩ እንደደከመ አያውቅም።

ዘይት ያላወጡት ሦስቱ ሾኮችህም ደህና መሆናቸውን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ኮረኮንች ነድተህ ቁምና የአራቱንም ሾክ አካል በእጅህ ጀርባ ቀስ ብለህ ንካ፣ ሊያቃጥል ስለሚችል ተጠንቀቅ። የሚሠራው ይግላል። ከሌሎቹ ተለይቶ የቀዘቀዘ ካገኘህ እሱ ሞቷል፣ ዘይት ባያወጣም ማለት ነው። አንዱ ካለቀ ጥንድ ጥንዱን ቀይር፣ አንድ ብቻ አትቀይር።

ሁለት ዓይነት ሾክ አለ። ባለ አንድ ቱቦው፣ ለምሳሌ ቢልስታይን፣ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። ግን ድንጋይ ውጩን ካጎበጠው ውስጡ ያለው ፒስተን ይያዛል። ባለ ሁለት ቱቦው ሙቀት ላይ ትንሽ ይደክማል፣ ውጩ ቢጎብጥ ግን መሥራቱን ይቀጥላል። ድንጋይ ለሚፈነጣጠርበት መንገድህ ወፍራም ባለ ሁለት ቱቦ በቂ ነው ባይ ነኝ።

የ3 ኢንቹን ነገር እርሳው። የሬቮ የፊት እግር በሁለት ክንድና በሞላ ነው የተሠራው፣ እንደ ላንድክሩዘር 79 ቀጥ ያለ አክሰል የለውም። በጣም ከፍ ስታደርገው የአክሰሉ መታጠፊያ ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ ላስቲኩ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ይወጣና አቧራ ይገባል። አላይመንቱም ያለ ሌላ የላይኛው ክንድ አይስተካከልም። ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ድንበርህ ይሁን። ከሞላው ላይ ቁራጭ ብረት ጣል አድርገው ከፍ የሚያደርጉትንም ተው፣ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ይመታል።

እሾህና_ድንጋይ፣ ጂንካ

እኔ እዚያው አንተ በምትሠራበት አካባቢ ነው የምነዳው፣ ስለዚህ ስለ ጎማ ልናገር። የጋሼን ነገር ሁሉ እቀበላለሁ፣ አንድ ነገር ላይ ብቻ ቅደም ተከተሉን እለውጣለሁ። ክሩ የታየውን ጎማ ዛሬ አውጣው። ባሌስትራው ይጠብቃል፣ እሱ አይጠብቅም። በሙቀት፣ በጭነት፣ በ100 ፍጥነት ሲፈነዳ መኪናዋን ይዞ ነው የሚሄደው።

እኛ ጋ ጎማ የሚሞተው በጥርሱ ሳይሆን በጎኑ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ጎማ ለአስፋልት ስለሚሠራ ጎኑ ስስ ነው። አንተ የሚያስፈልግህ ኤልቲ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ የቀላል ጭነት መኪና ጎማ ነው። ባለ 10 ፕላይ ይሉታል፣ ጎኑ ወፍራም ነው። የጭነት ቁጥሩንም ጎኑ ላይ ፈልግ። 112 ካለ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ 121 ካለ 1,450 ኪሎ። ለኋላዋ ትልቅ ልዩነት ነው።

ልኩን በተመለከተ ሒሳቡን እንሥራው። የአሁኑ 265/65/17 ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 265/70/17 ስታደርግ 803 ይሆናል። መኪናዋ ከመሬት የምትነሳው የዚህን ልዩነት ግማሽ ስለሆነ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የምታገኘው፣ ያ ሁሉ አየር በጎኑ በኩል ስለሚጨመር ግን ድንጋይ ቸርኬውን ከመምታቱ በፊት ጎማው ይውጠዋል። የፍጥነት ሰዓቷ ከ3 በመቶ በላይ ወደ ታች ይሳሳታል፣ 100 ስትል አንተ 103 ላይ ነህ። እሱ ችግር የለውም። 285/70/17 ግን ወደ 831 ይደርሳል፣ 7 በመቶ ነው። መሪ ስታዞር ይነካል፣ ፍሬን ይከብዳል፣ 2.4 ሞተር ደግሞ ያን ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ይለምናል፣ ነዳጁም ይጨምራል።

ሌላም መንገድ አለ። 16 ቸርኬ ካገኘህ 265/70/16 ቁመቱ ካሁኑ ጎማህ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ጎኑ ግን ይረዝማል። በየገጠሩ ጎሚስታ ዘንድም 16 ጎማ በቀላሉ ይገኛል። ቸርኬው የፊት ፍሬኑን አለመንካቱን ሳትገጥም አትግዛ እንጂ ጥሩ ምርጫ ነው። ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ብረት እንዳታስገባ ደግሞ፣ ኩሽኔታ ይበላል።

ስለ ጥርሱ፣ ለአስፋልትም ለፒስታም የሚሆነውን ኦል ቴሬን ነው የምመክርህ። የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ሲያዝ የመቆሚያ ርቀቱ ይረዝማል፣ ቶሎም ያልቃል። አንተ አርባ ምንጭና ኮንሶ መሃል አስፋልት ትነዳለህ።

ስትገዛ ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። ሱቅ ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ጎማ አዲስ ይመስላል፣ ጥርሱም ሙሉ ነው፣ ላስቲኩ ግን ደርቋል። እኛ ጋ ባለው ሙቀት ጎኑ ይሰነጠቃል። መርካቶ ጎማ ተራም ግዛ ሌላም ቦታ፣ አምስቱንም አንብበህ ውሰድ።

አምስት ያልኩት ስኮርታውን ጨምሬ ነው። ልኩ የተለየ ስኮርታ ፎር ዊል አስገብተህ ስትነዳ ጊሩን ይጎዳዋል። በየ10,000 ኪሎ ሜትር አምስቱንም አቀያይራቸው።

የግራር እሾህ የሚያደርገውን ታውቀዋለህ። ይገባና ጫፉ ውስጥ ይሰበራል፣ ከውጭ አይታይም። ጠዋት ተነስተህ ስታይ ጎማው ጎድሏል። የቲዩብሌስ መድፈኛ ያዝ፣ ጥርሱ በኩል ያለውን ራስህ ትደፍነዋለህ። ጎኑ ላይ የተወጋውን ግን በመድፈኛ አትመነው፣ ወደ ቤት ለመመለስ ውስጡ የሚገባ ከመነዳሪ ይዘህ ተጓዝ።

ሻርጃ_አሸዋ፣ ኤምሬትስ

ሰላም ከሻርጃ። ባዳየር አሸዋ ላይና ሊዋ ድረስ በሃይሉክስ እንወጣለን፣ የአሸዋውን ነገር ላግዝህ።

እዚህ አዲስ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሊፍት፣ መኪናውን ከፍ ስለማድረግ ነው። አሸዋ ላይ የሚያወጣህ ግን የጎማ አየር ነው። ወንዙ ውስጥ ከመግባትህ በፊት፣ ዳር ላይ ቆመህ፣ ወደ 18 ፒኤስአይ አውርደው። ከያዘህ ወደ 15። ጎማው በስፋቱ ብቻ ሳይሆን በርዝመቱ ነው መሬት የሚይዘው፣ እሱ ነው መኪናዋን የሚያንሳፍፋት። አየሩ ወርዶ ሳለ መሪ በኃይል እንዳታዞር፣ ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል። ከ30 ወይም 40 በላይም አትንዳ። ስትወጣ ወዲያው ሙላ። ለዚህ ከባትሪ የሚሠራ ጥሩ ኮምፕሬሰርና የራስህ መለኪያ ያስፈልግሃል፣ ከሊፍቱ ገንዘብ በትንሹ ሁለቱንም ትገዛለህ።

ጂንካ ያለው ወንድሜ ባለ 10 ፕላይ ብሏል። ለድንጋዩና ለእሾሁ ልክ ነው። ለአሸዋ ግን ጎኑ ደረቅ ስለሆነ አየሩን በደንብ ካላወረድከው አይተኛም፣ ክብደቱም ይጨምራል። ንጹሕ አሸዋ ላይ ብትሠራ ኖሮ ቀለል ያለውን እመርጥልህ ነበር። አንተ ግን ወንዝ ተሻግረህ ትሄዳለህ እንጂ አሸዋ ላይ አትውልም፣ ስለዚህ ወፍራሙን ውሰድና አየሩን አውርድ።

ሾክና ባሌስትራ ከዚህ ማስመጣት ከፈለግህ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል አካባቢ ሞልቷል። ሃይሉክስ በታይላንድም በደቡብ አፍሪካም ስለሚሠራ ዕቃው አይቸግርም። የካያባ ሾክ አስመስሎ የተሠራ ግን ብዙ አለና ዋጋው በጣም ከወረደ አትግዛ።

ሎግያ_ሰመራ፣ አፋር

ስለ አየር ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከደጋ ወደ ቆላ የምንወርድ ሰዎች ሁሌ ግራ የምንጋባበት ነው።

ጎማውን አዲስ አበባ ካስገጠምክ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የሞላኸው። ኦሞራቴ ስትደርስ ከ400 ሜትር ብዙም አትበልጥም። ታች የውጭው አየር ራሱ ከባድ ስለሆነ ምንም ሳይፈስ መለኪያህ 3 ፒኤስአይ ገደማ ቀንሶ ያሳይሃል። በሌላ በኩል ሙቀቱ ሲጨምር በየ10 ዲግሪው ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ይጨምራል። ሁለቱ ተጣጥመው ያው ሊመስልህ ይችላል። ስለዚህ አዲስ አበባ የተሞላውን አትቁጠረው፣ እዚያው በደረስክበት ጠዋት ፀሐይ ሳይመታው፣ ሳትነዳ ለካ። ከነዳህ በኋላ ጨመረ ብለህ በፍጹም አታስወጣ። መጨመሩ ልክ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

ኤልቲ ጎማ ተራውን ጭነት ለመሸከም ራሱ ከተራ ጎማ የበለጠ አየር ይፈልጋል። እኔ አስፋልት ላይ ጭነት ይዤ ከፊት 36፣ ከኋላ 42 አደርጋለሁ። ድንጋይና ኮረኮንች ላይ ከፊት ወደ 28፣ ከኋላ ወደ 32 አወርዳለሁ፣ ፍጥነቴንም አብሬ እቀንሳለሁ። ይሄ ብቻ ለሾክህ የሚያደርገውን ታያለህ። ጎማውም አንድ ሾክ ነው።

ባሮ_ዳር፣ ጋምቤላ

ኦል ቴሬን ያላችሁትን ለደቡብ ኦሞ እቀበላለሁ። ግን «የጭቃ ጎማ አያስፈልግም» ተብሎ በጅምላ እንዳይወሰድ። እኛ ጋ ክረምት ላይ ዋልካው ጎማ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ኦል ቴሬኑ ጥቂት ዞሮ ይሞላል፣ ከዚያ ልሙጥ ነው። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ሰፊ ስለሆነ ሲሽከረከር ጭቃውን ይተፋዋል። ስፋቱን በተመለከተም ቀጭን ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ታች ያለውን ደረቅ መሬት ያገኛል፣ ለዚህ ነው 7.50/16 የተገጠመላቸው ላንድክሩዘሮች እስከ ዛሬ የሚወደዱት። ወደ ቦረና ስትሄድ ጥቁር አፈር ያጋጥምሃል። ዝናብ ከጣለ በኋላ ለመግባት አትጣደፍ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ከወጣ መንገዱ ይለወጣል። መንገዱንም ተሽከርካሪ ባረሰው ቁጥር ለነዋሪው ነው የሚብሰው።

ታኮማ_ኮሎራዶ፣ አሜሪካ

እዚህ ዴንቨር የቶዮታ ታኮማ ፒክአፕ ነው የምነዳው፣ የፊት እግሩና የኋላ ባሌስትራው አሠራር ከሃይሉክሱ ጋር ይመሳሰላል። የጋሼን ነገር ለማጠናከር ነው የገባሁት። እዚህ 3 ኢንችና ከዚያ በላይ የሚያነሱት ዩታ ሞዓብ ሄደው ድንጋይ ላይ በዝግታ ለመውጣት ነው። ቅዳሜ ወጥተው እሁድ ጋራዥ ያለበት ከተማ ይመለሳሉ። ጭነትም የላቸውም። ዩቲዩብ ላይ የምታየው ያ ነው። የአንተ ሥራ ሌላ ነው። የምትከፍለውን ገንዘብ ከሥር መከላከያ ብረት ላይ ብታውለው ይሻላል፣ ከሞተሩና ከጊሩ ሥር ያለው የፋብሪካ ሽፋን ስስ ነው። 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ እዚያው ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራልሃል፣ ዘይት ማፍሰሻው ጋ ቀዳዳ ይተውበት ብቻ።

ፓምፕ_ጥገና፣ አርባ ምንጭ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጣም ነው የረዳችሁኝ።

ክሩ የታየውን ጎማ አውጥቼ ስኮርታውን አስገብቻለሁ። መኪናዋንም አስመዝኛታለሁ። ሙሉ ጭነት ይዛ ከፊት 1,260፣ ከኋላ 1,430፣ ባንድ ላይ 2,690 ኪሎ መጣ። ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው በታች ነው። መቼም የማይወርደውን ዕቃ ለየብቻ መዝነን 310 ኪሎ ሆነ። ሾኮቹንም እንዳሉት በእጄ ነካኋቸው። የኋላ ግራው ቀዝቃዛ ነው፣ የሚጠበቅ ነበር። የገረመኝ የኋላ ቀኙም ከፊቶቹ ጋር ሲተያይ ለብ ያለ ብቻ መሆኑ ነው። የፊቶቹ ሁለቱም ግለዋል።

ጋሼ፣ እንግዲህ እርስዎ በዚህ ምን ይሉኛል? የ300 ኪሎውን ልውሰድ? ከፊትስ ምን ላድርግ?

የቆየ_መካኒክ፣ አዲስ አበባ

ጎበዝ። አሁን በቁጥር መነጋገር እንችላለን።

አዎ፣ የ300 ኪሎው ነው ያንተ። ቧንቧ ሲጨመር ትንሽ ቁጭ ትላለች፣ ቁጭ ማለት ደግሞ አለባት፣ ባሌስትራ መታጠፍ ነው ሥራው። የኋላ ሾኮች ሁለቱም ይቀየሩ። ለአዲሱ ባሌስትራ ርዝመት የሚሆን ሾክ ይሁን፣ አጭር ከገዛህ ጉድጓድ ውስጥ ስትወርድ እሱ ነው የሚይዛት፣ ይነቀላልም።

ከፊት ዊንችም የብረት መከላከያም ስለሌለህ ሞላውን አትንካው። ሾኮቹ እስካሁን ይሠራሉ፣ ይቆዩ። ስለዚህ ጎማው ይቅደም፣ አምስቱንም ባትችል ለጊዜው አራት ግዛ፣ ልካቸው ያው 265/65/17 ከሆነ ካሉህ ውስጥ ጎኑ ደህና የሆነውን ስኮርታ ታደርገዋለህ። 265/70/17 ከመረጥክ ግን አምስቱንም አንድ ላይ መግዛት ግድ ነው፣ ጂንካ ያለው ልጅ የነገረህ ምክንያት ትክክል ነው። ቀጥሎ የኋላ ባሌስትራና ሾክ። ላሜራውም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ስታስገጥም ሦስት ነገር ራስህ ቆመህ እይ። የባሌስትራው ቡሽ ቡሎኖች መጨረሻ ላይ የሚጠበቁት መኪናዋ መሬት ላይ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። በክሪክ ተንጠልጥላ ከተጠበቁ ቡሹ ተጠማዞ ይቀራል፣ በአጭር ጊዜም ይቀደዳል። ሁለተኛ፣ የኋላ አክሰሉ ላይ ጭነት እያየ የፍሬኑን ኃይል የሚቆጣጠር ዘንግ ያላቸው ሃይሉክሶች አሉ። ያንተ ካለው ኋላዋ ከፍ ስትል መኪናዋ ባዶ የሆነች ይመስለዋል፣ ለኋላ ጎማ የሚሄደውን ፍሬንም ይቀንሳል። አስተካክሉት በላቸው። ሦስተኛ፣ የፍሬን ቱቦዎቹ ኋላዋ ሙሉ በሙሉ ተንጠልጥሎ ሳይወጠሩ መድረሳቸውን እይ።

ሲያልቅ አላይመንት አሠራ፣ መብራቱንም ጭነት ይዘህ ግድግዳ ላይ አስተካክለው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዩ ቦልቶቹን ደግመህ አስጠብቅ፣ ጋራዥ መሄድ ካልቻልክ ቁልፉን ይዘህ ሂድና እዚያው ራስህ አጥብቃቸው።

እሾህና_ድንጋይ፣ ጂንካ

265/70/17 ከወሰድክ ስትገጥም መሪውን እስከ መጨረሻ ግራና ቀኝ አዙርና የፊት ጭቃ መከላከያ ላስቲኩን ተመልከት። አንዳንዱ ጎማ ትከሻው ስለሚወፍር ጥግ ላይ በትንሹ ይነካል። ላስቲኩን ወደ ኋላ ስቦ ማሰር ይበቃዋል። ወደ ቱርሚ ስትወርድ ጻፍልኝ፣ መድፈኛው ከሌለህ እኔ ጋ ትርፍ አለ።